ብርቱው ቀይ ወይን ጠጅና የሐበሻ ማዕድ

በናይሮቢ ከተማ፣ ያያ ሴንተር በሚባለው የገበያ አዳራሽ ዙሪያ፣ በአርግዊንግስ ኮድሄክና በሌናና መንገዶች ግራና ቀኝ በተዘረጋው በኪሊማኒ ሰፈር የሚኖር ሐበሻ፣ ለምሳ በተጠራ ጊዜ ባዶ እጁን መሄድ ነውር መሆኑን ካገሩ ይዞ የመጣ ስለ ሆነ፣ ድፎ ዳቦ ደፍቶ እንዳይወስድ የጋዝ ምድጃው አንሶበት፣ በግ ጎትቶ እንዳይወስድ የፎቁ ዘበኛ አላሳልፍ ብሎት፣ አስቦ አስቦ በመጨረሻ የሚያርፈው በአንድ ጠርሙስ ቀይ ወይን ጠጅ ላይ ነው። ጠርሙሱ ግርማ አለው፤ መልኩ ጠቆር ያለ፣ ደረቱ ላይ የተለጠፈው ወረቀት የግንብ ሥዕልና የወርቅ ቀለም ማኅተም ያለበት፣ ያመጣውም ሰው የሠለጠነ መሆኑን ባለቤቱ ሳይናገር የሚናገርለት ነው። የቤቱ እመቤትም "ምነው ባልደከማችሁ!" ብላ በሁለት እጇ ትቀበልና በቡፌው ላይ ቀድመውት ከመጡት ጠርሙሶች ተርታ ታቆመዋለች፤ በዚያም ሲቆም ይባጅና፣ የቤቱ ጌታ በተራው ምሳ በተጠራ ቀን አቧራው ተጠርጎለት ወደ ሌላ ቤት ይሄዳል። አንድ ጠርሙስ በዚህ ዓይነት ስንት ቤት ገብቶ ስንት ቤት እንደ ወጣ መዝግቦ የሚይዝ ጸሐፊ ቢገኝ ኖሮ፣ የኪሊማኒን ሐበሻ ዝምድናና ወዳጅነት፣ ኩርፊያና ዕርቅ ሳይቀር፣ ከዚያ መዝገብ ማንበብ በተቻለ ነበር።

ወይን ጠጁ ሳይከፈት የሚባጀው ሰዎቹን ስስት ይዟቸው ወይም ጽድቅ በዝቶባቸው አይደለም፤ ጠባዩን የሚያውቅለት ስላላገኘ ነው። ሐበሻ ደግሞ አዲስ ሰው ሲተዋወቅ የማን ልጅ መሆኑን ሳይጠይቅ ወደ ሌላ ነገር አይሻገርምና፣ የዚህንም እንግዳ ሐረገ ትውልድ በአጭሩ መቍጠር ይገባል። በዚህ ከተማ ገበያ በብዛት የሚታየው ከደቡብ አፍሪካ የሚመጣው ሲሆን፣ ከመካከሉ ብርቱ ከሚባሉት ወገን ካበርኔ ሶቪኞን፣ ሺራዝና ፒኖታዥ ይገኛሉ። ካበርኔ ሶቪኞን ለብዙ ዘመን ወላጆቹ ሳይታወቁ እንዲሁ በስሙ ብቻ ሲከበር ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ዓመታት በካሊፎርኒያ የዴቪስ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ዘሩን ቢመረምሩ፣ ካበርኔ ፍራንክ ከተባለ ቀይና ሶቪኞን ብላንክ ከተባለ ነጭ ወይን የተወለደ ሆኖ ተገኘ፤ በጥቍረቱ የሚመካው መኰንን እኩሌታ ወገኑ ነጭ ነው ማለት ነው። የፒኖታዥ ልደት ደግሞ ከዚህ ይልቅ ትሑት ነው፤ አብርሃም ፔሮልድ የተባሉ መምህር እ.ኤ.አ. በ1925 በስቴለንቦሽ ፒኖ ኑዋርን ከሳንሶ ጋር አዳቅለው ያገኙትን ጥቂት ዘር በመኖሪያ ቤታቸው አትክልት ቦታ ተክለው፣ ኋላ ሥራ ለውጠው ከቤቱ ሲወጡ እዚያው ትተውት ስለ ሄዱ፣ ግቢውን ሊያጸዱ የመጡ ሠራተኞች ከአረሙ ጋር ሊመነጥሩት ሲሉ የሚያውቀው ሰው ደርሶ አተረፈው። ዛሬ በቡፌያችን ላይ ቆሞ ግርማው የሚያስፈራን ጌታ በሕፃንነቱ ከአረም ተቈጥሮ እንደ ነበረ ማወቅ፣ ቡሹን ለመንቀል ለሚፈራ ሰው ልብ ይሰጣል።

ብርቱነቱ ከወዴት ነው ቢሉ ከቅርፊቱ ነው። ነጭ ወይን ጠጅ ሲጠመቅ ጭማቂው ከቅርፊቱ ቶሎ ይለያል፤ ቀዩ ግን ከነቅርፊቱና ከነዘሩ እየፈላ ስለሚሰነብት፣ ቀለሙንም ታኒን የተባለውንም ጐምዛዛ ነገር ከእነርሱ ይወርሳል፤ ከዚያም በባሉጥ እንጨት በርሜል ውስጥ ወራት ያሳለፈ እንደ ሆነ ከእንጨቱም ይጨመርለታል፤ የአልኮሉም መጠን ከመቶ 14 እጅ ያህል ይደርሳል። ታኒን ወደ አፍ በገባ ጊዜ በምራቅ ውስጥ ያለውን ፕሮቲን ፈልጎ ይይዘዋል፤ ምራቅም ልስላሴውን ያጣና ምላስና ድድ ይደርቃሉ። ኬንያ የሻይ አገር ናትና ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ቅጠሉ ከውስጡ ሳይወጣ ተረስቶ የዋለ ሻይ እንዲሁ ቢጠጡት አፍን ያደርቃል፤ የዚህ አገር ሰው እንደሚያደርገው ወተት ቢጨምሩበት ግን ታኒኑ የወተቱን ፕሮቲን ይይዝና የጠጪውን ምላስ ይምረዋል። እንግዲህ ብርቱ ቀይ ወይን ጠጅ የሚይዘው ነገር የሚፈልግ መጠጥ ነው፤ ሥጋና ቅባት ካገኘ እነርሱን ይይዛል፤ ካላገኘ የጠጪውን አፍ ይይዛል። ከዚህ በኋላ የምናገረው ሁሉ የዚህ ትርጓሜ ነው።

ልጃቸውን ለመጠየቅ ከአገር ቤት መጥተው በሰፈራችን የከረሙ፣ ዜማውንም ቅኔውንም የጠገቡ አንድ መሪጌታ ነበሩ። እርሳቸው ወይንን የሚያውቁት ከመጽሐፍና ከቤተ መቅደስ ነው፤ በመጽሐፍ በኩል ከጻድቁ ከኖኅ ተክል አንሥተው እስከ ቃና ዘገሊላ ጋኖች ድረስ ያለውን በቃላቸው ይወጡታል፤ በቤተ መቅደስ በኩል ደግሞ ለቍርባን የሚቀርበው ወይን ዘቢቡ ታጥቦ፣ በንጹሕ ውኃ ተዘፍዝፎ፣ ተጨምቆ፣ ሳይፈላ የሚቀርብ ስለ ሆነ፣ እርሳቸው የሚያውቁት ወይን ገርና ጣፋጭ ነው። በአንድ የበዓል ምሳ ላይ የቤቱ ጌታ ከቡፌው አንዱን ካበርኔ አውርዶ፣ ቡሹንም በብዙ ትግል ነቅሎ፣ በብርጭቆ ቀድቶ በአክብሮት ቢያቀርብላቸው፣ ባርከው ተጐነጩ፤ ተጐንጭተውም ጥቂት ዝም አሉ፤ ከዚያም ብርጭቆውን በቀስታ አስቀምጠው፣

"ልጄ፣ ይህ ወይን ምን በድለነው ነው የተቈጣን?" አሉ።

ሰው ሁሉ ሲስቅ እርሳቸው ሳይስቁ፣ በቃና የቀረበው እንዲህ ያለው ቢሆን ኖሮ የአሳዳሪው ምስክርነት ሌላ ይሆን እንደ ነበረ አስረዱ። እኔ ግን በዚያ ዕለት ጥፋቱን በወይኑ ላይ ብቻ መጫን ፍርድ ማጓደል መሆኑን ለመናገር እወዳለሁ፤ ምክንያቱም በማዕዱ ላይ የቀረበው ዶሮ ወጥ ነበረ።

ዶሮ ወጥና ብርቱ ቀይ ወይን ጠጅ በአንድ ማዕድ የማይቀመጡ ሁለት ባለ ግርማዎች ናቸው። በበርበሬ ውስጥ ያለው ካፕሳይሲን የተባለው ነገር አፍን ሲያቃጥል፣ የወይኑ አልኮል መጥቶ ቃጠሎውን ያባብሰዋል፤ ታኒኑም የተቃጠለውን አፍ ምራቅ ይነሣዋል። ይህም ሳይበቃ፣ እመቤቲቱ ከማለዳ ጀምራ እያማሰለች ያበሰለችው ያ ሁሉ ሽንኩርት ወጡን በስውር ጣፋጭ አድርጎታልና፣ ጣፋጭ ነገር ከተበላ በኋላ የተጠጣ ደረቅ ወይን ከወትሮው ይልቅ ይመራል፣ ይኰመጥጣልም። ስለዚህ እንግዳው ወጡ በዛበት ይላል፤ ባለቤቲቱ ወይኑ ተበላሽቷል ትላለች፤ ሁለቱም ሐሰት አልተናገሩም፣ ሁለቱም ግን አልፈረዱም። አባቶቻችን ይህን ነገር ያለ ላቦራቶሪ ጨርሰውት ነበር፤ ለዶሮ ወጥ ያጋቡት ጠጅን ነው፤ የማሩ ጣፋጭነት የበርበሬውን ቍጣ ያበርዳል፣ የጌሾው ምሬት ደግሞ ጣፋጩ እንዳይሰለች ይጠብቀዋል። ይህን የመሰለ የቆየ ጋብቻ አፍርሶ በጠጅ ስፍራ ካበርኔን የሚያስቀምጥ ሰው፣ ሥልጡን መስሎት ሁለት ጥሩ ነገር በአንድ ቀን ያበላሻል።

ወይንን ከምግብ ስለ ማስማማት የፈረንጅ ሊቃውንት የጻፉት ብዙ ነው፤ ነገር ግን የጻፉት ሁሉ ምግቡ በየተራ፣ በየሳሕኑ፣ ለእያንዳንዱ ሰው ተለይቶ ለሚቀርብበት ገበታ ነው። የእኛ መሶብ ይህን ሥርዓት አያውቅም። ቀይ ወጡ፣ አልጫው፣ ጎመኑ፣ አይቡ በአንድ እንጀራ ላይ ተጐራብተው ተቀምጠዋል፤ ከሁሉም በላይ ጉርሻ የሚባል ነገር አለ። አልጫውን በጥንቃቄ መርጦ፣ ወይኑን ለእርሱ አዘጋጅቶ ብርጭቆውን ያነሣ ሰው፣ ከጎኑ ያለችው አክስቱ "በሞቴ!" ብላ በርበሬ የተሞላ ጉርሻ አፉ ውስጥ ብታደርግለት፣ የትኛው ሊቅ ይደርስለታል? አፉ የሚቀበለውን ሌላ ሰው በሚወስንበት ማዕድ ላይ ወይንን ከምግብ አስማማለሁ ማለት፣ ሕግ ሳይኖር ዳኛ መሾም ነው።

ከዚህ ጭንቅ ለመውጣት ወጣቶቻችን አንድ ዘዴ አግኝተዋል፤ ቀዩን ወይን ከኮካ ኮላ ጋር ይቀላቅሉታል። ይህ በአዲስ አበባም የታወቀ ሲሆን፣ ወይን ዐዋቂ ነኝ የሚል ሰው ባየ ቍጥር ልብሱን ሊቀድ ይነሣል። እኔ ግን የምፈርደው ለስለስ አድርጌ ነው። አንደኛ፣ የባስክ ሰዎች ወይን በሞላበት በስፔን አገር እየኖሩ ይህንኑ ቅልቅል ካሊሞቾ ብለው ስም አውጥተውለት በየበዓላቸው ይጠጡታል። ሁለተኛ፣ ኮካ ኮላው የሚያመጣው ያንኑ ስኳር ነውና ወይኑን ወደ ጠጅ ማዕርግ ለመመለስ የተደረገ ሙከራ ነው፤ ልጆቹ ሳያውቁት ወደ አባቶቻቸው መንገድ ተመልሰዋል። ብቻ ለዚህ ተግባር ውዱን ጠርሙስ መክፈት ኃጢአት ነው፤ ርካሹ ይበቃል።

እንግዲህ ይህ እንግዳ በእኛ ማዕድ ላይ ቦታ የለውም ወይ? አለው፤ ያውም የከበረ። ክትፎ ይቅረብለት። ትኩስ ቀይ ሥጋ፣ ኮረሪማና ኮሰረት የገባበት ንጥር ቅቤ፣ ከጎኑ አይብ፤ ታኒን ይህን ሲያገኝ ፍለጋውን ይጨርስና የጠጪውን አፍ ይለቃል፤ ቍጣው ይበርዳል፤ እስከዚያ ድረስ በምሬቱ ተሸፍኖ የነበረው የፕሪምና የእንጆሪ ሽታም ይወጣል። በዚሁ ቅባት ላይ ጨው ሲታከልበት ምሬቱ ይበልጥ ይለዝባል። ሚጥሚጣውን ግን በትንሽ ሳሕን ለብቻው አስቀምጦ ወይን ጠጪውን እንዲያልፈው ማድረግ ይገባል። ቍርጥም እንዲሁ ነው፤ አዋዜው ከራቀለትና ጨው ከቀረበለት ካበርኔ ወዳጁ ነው። ጥብስ በጥብስ ቅጠል ከተጠበሰና ቃሪያው ከተቈጠበ ደግሞ፣ ካበርኔ በራሱ የቅጠላ ቅጠል ሽታ ያለው ስለ ሆነ ሁለቱ ይፈላለጋሉ።

ይሁን እንጂ እውነቱን ለመናገር፣ በዚህ ከተማ ለብርቱ ቀይ ወይን ጠጅ ከሁሉ የሚበልጠው ጓደኛ የእኛ አይደለም፤ የጎረቤቶቻችን ኛማ ቾማ ነው። የዚህ አገር ሰው ሥጋውን በኪሎ አዝዞ፣ አንድ ሰዓት መጠበቅ ግድ መሆኑን አውቆ፣ ያንን ሰዓት በጨዋታ ያሳልፋል። የፍየሉ ጎድን በከሰል ፍም ላይ በቀስታ ይጠበሳል፤ ጨው እንጂ በርበሬ አይነካውም፤ ስቡ እየቀለጠ በፍሙ ላይ ሲንጠባጠብ የሚነሣው ጢስ ተመልሶ ሥጋውን ያጥነዋል። ከዚያም አራጁ በእንጨት ገበታ ላይ ይዞት መጥቶ፣ ቢላውን እያፋጨ በፊታችሁ ይቈራርጠዋል፤ ከጎኑ ኡጋሊ የሚባለው የበቆሎ ገንፎና ካቹምባሪ የሚባለው የቲማቲምና የሽንኩርት ሰላጣ ይቀመጣሉ። ስቡ ለታኒኑ፣ ጨው ለምሬቱ፣ ጢሱ በባሉጥ በርሜል ላደገው ሽታ፤ ሁሉም የሚገባውን ያገኛል። ካቹምባሪው ውስጥ ቃሪያ እንዳይከቱበት አስቀድሞ መናገር ግን ብልኅነት ነው። በእርግጥ እዚያ ተቀምጦ የሚበላው ሁሉ የሚጠጣው ታስከር ቢራ ስለ ሆነ፣ ጠርሙስ ወይን በብብቱ ይዞ የገባ ሐበሻ ዓይን ሁሉ ይከተለዋል፤ በአንዳንዱ ቤትም የራሱን ቡሽ ለማስነቀል ዋጋ ይጠየቃል። ይህን ዋጋ ሲሰሙ የአገራችን ሰዎች የሚያሰሙት እሮሮ ከሥጋው ዋጋ ላይ ከሚያሰሙት ይበልጣል፤ በገዛ ጠርሙሴ ላይ ግብር! እኔ ግን ከፍዬ እጠጣለሁ፤ ቡሽ በገበታ ቢላ ለመንቀል ሲታገሉ የተጐዱ እጆችን አይቻለሁና።

የወይኑ አገር የግድ ደቡብ አፍሪካ መሆን እንደሌለበትም መታወስ አለበት። ስምጥ ሸለቆ የሁለታችንም ርስት ነው። በእኛ በኩል አዋሽ የወይን ጠጅ ፋብሪካ ጉደር የተባለውን ቀይ ከቀድሞ ጀምሮ ሲያቀርብ ኖሯል፤ በዝዋይ አጠገብም ካስቴል የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ሜርሎ፣ ሲራህና ካበርኔ ሶቪኞን ተክሎ፣ ጉማሬና ዘንዶ እንዳይገባበት ዙሪያውን ጉድጓድ አስቈፍሮ፣ የመጀመሪያውን ጠርሙስ እ.ኤ.አ. በ2014 ለገበያ አውጥቷል። በቦርዶ የሚኖር ወይን ተካይ በረዶና ሻጋታ ይፈራል፤ ከጉማሬ ጋር ወሰን መካለል ግን የዝዋዩ ብቻ ዕድል ሳይሆን አይቀርም። በኬንያ በኩል ደግሞ በናይቫሻ፣ በዚያው ሸለቆ ውስጥ፣ ለለሽዋ የሚባለው ወይን ጠጅ ይጠመቃል። በዚህ ላይ የታሪክ ቀልድ አለ፤ የኬንያ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣው የአልኮል መጠጥ ሕግ መጠጥ ቤቶች በሥራ ቀን ከቀኑ 11 ሰዓት በፊት እንዳይከፍቱ፣ ከሌሊቱ 5 ሰዓት በኋላም እንዳይቈዩ ያዘዘ ሲሆን (ስዋሂሊም ሰዓትን የሚቈጥረው እንደ እኛ ነውና እዚህ ላይ መተርጐም አያስፈልግም)፣ ሕዝቡ ሕጉን የሚጠራው ባመነጩት እንደራሴ በጆን ሙቱቶ ስም ነው፤ እኒህም ሰው የተመረጡት ያው ወይኑ ከሚበቅልበት ከናይቫሻ ነበረ።

ስለ ሙቀቱና ስለ ብርጭቆው ብዙ አልናገርም። ብርቱ ቀይ ወይን ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ሙቀት ሲጠጣ ይበጃል ይባላል፤ ናይሮቢ ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች፣ በሐምሌ ብርድ በኪሊማኒ ፎቆች ውስጥ እንዲሁ በቡፌ ላይ የቆመ ጠርሙስ ከዚህ ልክ አይርቅም፤ በየካቲት ፀሐይ ግን ጥቂት ደቂቃ በማቀዝቀዣ ማቈየት አይከፋም። ሌሊቱን በማቀዝቀዣ አሳድረው በረዶ አድርገው የሚያቀርቡት ሰዎች ታኒኑን ይበልጥ ያሻክሩታል፤ እንግዳውም ከፊተኛው ይልቅ ይሸሻል። በብርሌ ማቅረብም አይሆንም፤ የብርሌ አንገት ጠባብ ነው፤ ብርቱ ወይን ደግሞ ጥቂት ነፋስ ይሻል።

የቀረው ጥያቄ የጾም ነው። በሳምንት ረቡዕና ዓርብ፣ በዓመትም አጽዋማት ተደራርበው በሚመጡበት ሕዝብ ዘንድ፣ ሥጋና ቅቤ የሚሻ ወይን የዓመቱን ብዙ እጅ ሥራ ፈትቶ መቀመጡ የታወቀ ነው። የማይጸየፈውን የጾም ምግብ ፈልገን የእንጉዳይ ጥብስን አግኝተንለታል፤ እንጉዳይ ሥጋ ሳይሆን የሥጋ ጣዕም የሚያስታውስ ነውና። ዘይት የጠገበ ሽሮም በርበሬው ከቀለለ ያስታግሠዋል። ዓሣ ግን አይሆንም፤ የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጥናት፣ በቀይ ወይን ውስጥ ያለው ብረት ከባሕር ምግብ ጋር ሲገናኝ መጥፎ የዓሣ ጠረን በአፍ ውስጥ እንደሚያስነሣ አሳይተዋል።

ይህን በአንድ የጾም ምሳ ላይ በተናገርሁ ጊዜ መሪጌታ ከእኛ ጋር ነበሩ። ዓሣ በጾም ይበላል፣ አይበላም የሚለው ክርክር በዚያ ቤት በየጾሙ የሚነሣ ሲሆን፣ የቤቱ ጌታ ይበላል ከሚሉት ወገን፣ መሪጌታ አይበላም ከሚሉት ነበሩ፤ በገበታው ላይም ከቪክቶሪያ ሐይቅ የመጣ የተጠበሰ ዓሣ ቀርቦ፣ ባለቤቱ ብቻውን ይዞት ነበር፤ ከጎኑም ቀይ ወይን። መሪጌታ ወይኑንም ዓሣውንም ሳይነኩ ነገሬን እስከ መጨረሻው አዳምጠው ፊታቸው በራ።

"ጠጣ እስቲ፣" አሉት።

ጠጣ፤ ፊቱም ተጨማደደ።

"ይኸው! ሊቃውንት ተከራክረው ያልጨረሱትን ወይኑ ራሱ መሰከረ፤ ዓሣና ጾም አይገናኙም።"

የቤቱ ጌታ በትሕትና፣ "የኔታ፣ ነጩን ወይን ጠጅ ላምጣና ይቅመሱት፤ እርሱ እኮ ከዓሣ ጋር አይጣላም" ቢላቸው፣

"እማኝ ቃሉን ከሰጠ በኋላ ሌላ እማኝ ይጠራልኝ የሚል የተረታ ወገን ነው" አሉና ሽሮውን ወደ ራሳቸው ሳቡት።